ሞተርህ በጨለማ እንዲያበራ መጀመሪያ ነጭ ቀባው

በጨለማ የሚያበራ ቀለም መጀመሪያ የቀባሁት ጥቁር የሞተር ሳይክል ነዳጅ ታንከር ላይ ነበር፤ እዚሁ ሐዋሳ። ባለሞተሩ ልጅ ማታ መጣ፣ የቤቱን መብራት አጠፋን፣ ጠበቅን። የሆነች የታመመች አረንጓዴ ነገር ብልጭ ብላ ጠፋች። «ጋሼ፣ በቃ ይሄ ነው?» አለኝ። ብሩን መለስኩለት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀለሙ ከሚያወጣው ብርሃን ከፊሉ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከስር ጥቁር ካለ ይውጠዋል፤ ነጭ ካለ ግን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ለዛ ነው ነጭ ነጭ የምለው።

ስትገዛ ተጠንቀቅ። ገበያ ላይ ሁሉንም «የሚያበራ» ይሉታል። ኒዮን ቀን ዓይን ይወጋል እንጂ ጨለማ ውስጥ በራሱ አያበራም። አንጸባራቂው ደግሞ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው የሚታየው። አንተ የምትፈልገው ብርሃን ጠጥቶ ጨለማ ላይ የሚለቀውን ዱቄት ነው። እሱም ሁለት ዓይነት አለው። ዚንክ ሰልፋይድ የድሮው ነው፣ ቶሎ ይደክማል። ስትሮንቲየም አሉሚኔት በ1990ዎቹ ጃፓኖች ያወጡት ነው፤ እየደበዘዘም ቢሆን ለሰዓታት ይቆያል። እሱን ግዛ፣ አረንጓዴውን። ቀይ አለን ካሉህ እለፈው፤ ደካማ ነው።

አሮጌውን ቀለም በ400 የብርጭቆ ወረቀት እሸው፣ የተጫረውን በስቱኮ ድፈን፣ በቲነር ጥረግ። ከዚያ ነጩን ቀባና በደንብ ይድረቅ።

አሁን ድብልቁ። ይህ ዱቄት እርጥበት አይወድም፤ ስለዚህ በውሃ በሚቀጥን ቀለም ሳይሆን በክሊር፣ ማለትም ቀለም በሌለው ቫርኒሽ፣ ነው የምበጠብጠው። በሚዛን ለአራት እጅ ክሊር አንድ እጅ ዱቄት። በእንጨት አማስለው። በብረት ማንኪያ ካማሰልክ ዱቄቱ ጠንካራ ስለሆነ ብረቱን ይፍቀዋል፤ ቀለምህም ይጠቁራል። ደግሞ ከባድ ነው፣ እንደ ጠላ አተላ ታች ይዘቅጣል። ስልክ ላነሳ ብለህ ዞር ካልክ፣ ስትመለስ የምትረጨው ባዶ ክሊር ነው።

የመርጫህ ቀዳዳ 1.4 ሚሊሜትር ከሆነ ይደፈንብሃል፤ ወደ 2 የሚጠጋ ይሻላል። አንዴ አወፍራለሁ አትበል፣ ይንጠባጠባል። ስስ ስስ አድርገህ አምስት ስድስት ጊዜ ደራርብ፣ በየመሀሉ ደረቅ እስኪል እየጠበቅህ። ሲያልቅ ከላይ ሁለት እጅ ንጹህ ክሊር ስጠው። ይህን ካልሰጠኸው ላዩ እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ ጭቃም ይይዛል። ፀሐይ የሚከላከለውን ክሊር ግን ተው፤ ዱቄቱ የሚመገበውን ብርሃን ነው የሚጋርድበት።

ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ክሊር ለሳንባ መጥፎ ነው። የጨርቅ ማስክ አያድንህም፤ ለቀለም የተሠራውን ባለ ማጣሪያ አድርግ፣ በርና መስኮት ክፈት።

ማርሚታ ላይ አትቀባ፣ ሙቀቱ ክሊሩን ያበላሸዋል። ፍሬቻና ታርጋም አትንካ። ሙሉ ሞተር ቀባልኝ የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ቀን ላይ ሲታይ የደበዘዘ ክሬም ነው፣ ዱቄቱም ርካሽ አይደለም። ቸርኬው ዙሪያ የጣት ስፋት ያላት መስመር ትበቃለች።

ደግሞ ብዙ አትጠብቅ። ከፀሐይ እንደገባ ደምቆ ያበራል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ግን ይቀንሳል። ዋናው አስፋልት ላይ የመንገድ መብራት ካለ ማንም አያየውም። እንግዲህ ከኋላ ያለችውን አንጸባራቂ እንዳትነቅላት፤ ሲኖትራክ የሚያይህ በእሷ ነው።

ያ ልጅ ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ። የቦክሰር ሞተሩን ሁለቱን ቸርኬ ነጭ ቀብቼ ሠራሁለት። አመሻሽ ላይ ሰፈራችን መብራት ጠፋ። እሱ መብራቱን አጥፍቶ ሞተሯን በእግሩ እየገፋ በደጄ አለፈ። ሞተሯም ልጁም አይታዩም፤ ሁለት አረንጓዴ ክብ ብቻ ቁልቁል ይንከባለላሉ፣ ከኋላቸው የሰፈር ልጆች እየጮኹ ይሮጣሉ።