የመርከብ ሞተር ለመማር ከአንድ ብሎን ጀምሩ

መርከብ ላይ መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ፎርሙላ በመሸምደድ ነው። ፎርሙላ ፈተና ያሳልፋል። ሞተር ክፍል ስትገቡ ግን የሚያዋጣው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ኃይል ከየት መጣ፣ ወዴትስ ይሄዳል? እሱን ደግሞ በእጅ እየነኩ መማር ይቻላል።

መጀመሪያ ሞርሳ፣ መፍቻና አንድ ብሎን ከነዳዶው ፈልጉ። ብሎኑን ሞርሳው ላይ አስራችሁ ዳዶውን አጥብቁ። መፍቻውን አንዴ መሃሉን፣ አንዴ ጫፉን ያዙ። ልዩነቱ ወዲያው ክንዳችሁ ላይ ይታወቃል። 100 ኒውተን ማለት 10 ኪሎ ገደማ ለማንሳት የሚበቃ ኃይል ነው። ይህ ኃይል ከብሎኑ ግማሽ ሜትር ርቆ ሲገፋ ቶርኩ፣ ማለትም ብሎኑን የማዞር አቅሙ፣ 50 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሩብ ሜትር ላይ ግን 25 ብቻ ነው።

አሁን ዳዶውን ፈታችሁ ጥርሱን ዘይት ቀቡና እንደገና አጥብቁ። በጣም ይቀላል አይደል? እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብሎን እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ ነው። ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ሁለቱን ብረት አጣብቆ የሚይዘውም ያ መለጠጥ ነው። ከቶርኩ ግን ግማሽ ያህሉን ከዳዶው ሥር ያለው ሰበቃ ይበላዋል። 40 በመቶ ገደማው ጥርሱ ላይ ያልቃል። ብሎኑን የሚወጥረው ቀሪው 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ለደረቅ ጥርስ የተጻፈውን ቶርክ ዘይት በተቀባ ብሎን ላይ ብትጠቀሙ ብሎኑ ከመጠን በላይ ይወጠራል፤ ሊበጠስም ይችላል። ማኑዋሉ ደረቅ ይበል ዘይት የተቀባ፣ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት እሱን አንብቡ።

ቀጥሎ ግፊት። የፒስተኑ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ 150 ባር (አንድ ባር ባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል)። አስሉት፤ ፒስተኑን የሚገፋው ኃይል ከ430 ቶን ክብደት ይበልጣል። ያው ግፊት ቴስታታውንም፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የሚይዙት ብሎኖች ናቸው። ለዚህ ነው ትልልቅ ሞተሮች ላይ ብሎኖቹን በሃይድሮሊክ ጃክ ስበው ከወጠሩ በኋላ ዳዶውን የሚያጠብቁት። ሰበቃው ስሌቱን እንዳያዛባ ማለት ነው።

ሦስተኛው ፓምፕ ነው። ፓምፕ ውሃ "ይስባል" እንላለን እንጂ ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ከፍ ያደርጋል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከ8.3 ሜትር ብዙም አያልፍም። በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑ የመርከብ መሐንዲሶች ይህን ልዩነት ጣና ዳር ቆመው ማሰብ ይችላሉ፤ ጥሩ ዕድል ነው።

የፓምፑ ማጣሪያ በቆሻሻ ሲደፈን መግቢያው ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። አረፋዎቹ ፓምፑ ውስጥ ሲፈነዱ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ዝም ከተባለ የሚሽከረከረውን ክፍል ቦርቡሮ ይጨርሰዋል።

ሙቀትንም አትርሱ። 10 ሜትር የብረት ቧንቧ በ50 ዲግሪ ሲሞቅ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ማጠፊያ ወይም መላወሻ ቦታ ካጣ መገጣጠሚያውን ያስለቅቃል።

ማንኛውንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ግን ኤሌክትሪኩን አጥፉ፣ ማንም እንዳያበራውም ቆልፉትና ምልክት ስቀሉበት። ቫልቮቹን በመግቢያውም በመውጫውም ዝጉ። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዜሮ ቢያሳይም አትመኑት፤ ማፍሰሻውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና የቀረ ግፊት ካለ ይውጣ። ፍላንጅ (ቧንቧዎች በብሎን የሚገጣጠሙበትን ክብ ጠርዝ) ስትፈቱ ከእናንተ ራቅ ያለውን ብሎን አስቀድማችሁ አላሉ፤ የቀረ ውሃ ቢኖር ወደ ፊታችሁ እንዳይረጭ።

ከዚያ በየተራችሁ የጌጆቹን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። የመግቢያው ግፊት ከትናንቱ ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት፣ ፓምፑን ለመፍታት ሳትቸኩሉ ማጣሪያውን አውጥታችሁ እጠቡ።