በዝነኞች ዜና ዝግጅት ውስጥ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሚሰናዳ የዝነኞች ዜና ዝግጅት በጽሑፍ አዘጋጅነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲሱ የሥርጭት ዘመን ሲከፈት ወጣት ሠራተኞች ይቀላቀሉናል፤ ከእነርሱም መካከል አንዳንድ ጊዜ እዚህ ተወልደው ያደጉ የአገራችን ልጆች ይገኙበታል። ትጉሆች ናቸው፤ ስለምወዳቸውም ነው ይህን የምጽፈው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚስቱት ዝግጅቱ በአንድ ጣቢያና በአንድ ሰዓት የሚታይ ስለሚመስላቸው ነው። ኢንተርቴይንመንት ቱናይት፣ ኤክስትራና አክሰስ ሆሊውድን የመሰሉ ዝግጅቶች በአንድ ኔትዎርክ፣ ማለትም በየከተማው ጣቢያዎችን በሚያገናኝ የቴሌቪዥን ድርጅት፣ በኩል በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ አይተላለፉም፤ ለየከተማው ጣቢያ በውል ይሸጣሉ፤ ጣቢያውም ለእርሱ በሚመቸው ሰዓት ያሳያቸዋል። አንዱ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሌላው 1 ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዱም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያስተላልፋቸዋል። በምሽቱ መጀመሪያ ላይ ይህን ያህል ቦታ ያገኙት የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ1971 ጀምሮ ኔትዎርኮች በዋናው የምሽት ሰዓት የሚይዙትን ጊዜ በመገደቡ ነበር፤ ሕጉ በ1996 ቢነሣም ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ኢንተርቴይንመንት ቱናይት በሴፕቴምበር 1981 ሲጀመር ትልቁ ፈጠራው በሳተላይት ተልኮ በዚያው ዕለት በየከተማው መታየቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ለየጣቢያው የሚሸጡ ዝግጅቶች በቴፕ ተቀድተው በፖስታ ይላኩ ስለነበር የዕለት ዜና ሊይዙ አይችሉም ነበር። ዝግጅቱ በየከተማው በተለያየ ሰዓት እንደሚታይ ያልተረዳ ጸሐፊ «ከጥቂት ሰዓታት በኋላ» ብሎ ይጽፋል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ስለ አንድ የሽልማት ሥነ ሥርዓት «አሸናፊውን ዛሬ ማታ እናውቃለን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዝግጅቱን ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚያሳዩ ከተሞች ያሉ ተመልካቾች ይህን የሰሙት አሸናፊው ዋንጫውን ይዞ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። የቀኑን ስም ጻፉ፤ «ዛሬ»ንና «አሁን»ን ተዉ።

ከሁሉም በላይ የምቆጣበት ስህተት ግን የሞት ዜናን በጥድፊያ ማውጣት ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 2017 ሙዚቀኛው ቶም ፔቲ ሆስፒታል ገብቶ ሳለ ሲቢኤስ ኒውስ የሎስ አንጀለስን ፖሊስ ጠቅሶ መሞቱን ዘገበ፤ ሌሎችም እየተቀባበሉ አስተጋቡት። ፖሊስ ማረጋገጫ እንዳልሰጠ ሲያስታውቅ ዘገባው ታረመ፤ ሰውየው ያረፈው ግን በዚያው ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። በእነዚያ ሰዓታት አልጋው አጠገብ የነበሩ ሰዎች በሕይወት ላለ ዘመዳቸው የኀዘን መግለጫ ሲጎርፍ ያዩ ነበር። ጃንዩወሪ 26 ቀን 2020 ደግሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንትና የ13 ዓመት ልጁ ጂያና ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞቱ ቲኤምዜድ የተባለው የዝነኞች ዜና ድረ ገጽ ዜናውን ቀድሞ አወጣ፤ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የፖሊስ ኃላፊም ቤተሰብ መርዶውን ከዜና አውታር መስማቱ ተገቢ እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገሩ። በዚያው ቀን የአንድ ትልቅ ኔትዎርክ ዘጋቢ አራቱም የኮቢ ሴት ልጆች ሄሊኮፕተሩ ውስጥ እንደነበሩ በስህተት ተናግሮ ከሥራ ታገደ።

የአገሬን ልጆች በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምገሥጻቸው በቤታቸው ያዩትን የዜና ክፍሉ በር ላይ ጥለውት ስለሚገቡ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ሲረዳ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሰውየው ከሥራ እስኪመለስና አረፍ እስኪል ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜም ሊነጋጋ ሲል ይነገረዋል። ወላጆቻቸው ባሕር ማዶ ሆነው የእናት የአባት ሞት ሲረዱ በዓይናቸው ያዩ ልጆች፣ የማያውቁትን ሰው ሞት በስልክ መልእክት ብቻ አምነው «ቀደምን!» ሲሉ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ ከሆስፒታል አካባቢ በተገኘ ወሬ ላይ ተመሥርታ የአንዲትን ተዋናይት ዜና ዕረፍት ጽፋ አመጣችልኝ። «ቤተሰቧ ተረድቷል?» ብዬ ጠየቅኋት፤ አላወቀችም። ጽሑፉን አስቀመጥነው፤ ተዋናይቷም ከሳምንት በኋላ ድና ወጣች። እኔ ዘንድ ከቤተሰቡ ተወካይ ወይም ከአስከሬን መርማሪው ቢሮ ማረጋገጫ ካልመጣ የሞት ዜና አይጻፍም፤ ተፎካካሪ ጣቢያ ቢቀድመንም አይጻፍም።

ቃል መግባትም እንዲሁ በቀላሉ አይታይ። በ1996 ተዋናዩ ጆርጅ ክሉኒ ኢንተርቴይንመንት ቱናይትን አላነጋግርም ያለው በራሱ በዝግጅቱ ጥፋት አልነበረም፤ ሃርድ ኮፒ የተባለው ሌላ ዝግጅት ስለ እርሱ ላለማቅረብ የገባውን ቃል በማፍረሱ ነው። ሁለቱም ፓራማውንት የተባለው ኩባንያ ስለነበሩ ዕዳው ለእህት ዝግጅቱ ተረፈ። እንግዳን ከማነጋገራችሁ በፊት የድርጅታችሁ ሌላ ክንፍ ምን ቃል እንደገባለት ጠይቁ።

ያልተመረመረ ምስል አታስተዋውቁ። በ2008 መጀመሪያ፣ ተዋናዩ ሂዝ ሌጀር በሞተ በቀናት ውስጥ፣ ኢንተርቴይንመንት ቱናይትና ዚ ኢንሳይደር የተባለው ሌላ የዝነኞች ዜና ዝግጅት እርሱ የሚታይበትን ቪዲዮ እናሳያለን ብለው ካስተዋወቁ በኋላ ተቃውሞ ሲበረታ ትተውታል።

ስም አጠራርን ለአቅራቢው በጽሑፍ ብቻ አትስጡ። አዲስ አበባ የተወለደችው ተዋናይት ሩት ነጋ ለኦስካር በታጨችበት ጊዜም ሆነ ዘ ዊክንድ በሚል ስም የሚታወቀው የድምፃዊ አቤል ተስፋዬ ሙሉ ስም በሚነሣበት ጊዜ፣ ክፍሉ ውስጥ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያውቅ የእኛ ልጅ አፍሮ ዝም ሲል አይቻለሁ። ልጄ፣ ተነሥተህ ተናገር፤ አቅራቢው ያመሰግንሃል።

በመጨረሻ፣ ጥሬ ቀረጻን ያለ መለያ አታስቀምጡ። በ2005 አውቶቡስ ውስጥ የተቀረጸው የዶናልድ ትራምፕና የያኔው የዝግጅቱ አቅራቢ የቢሊ ቡሽ ንግግር በአክሰስ ሆሊውድ መዝገብ 11 ዓመት ቆይቶ በኦክቶበር 2016፣ ትራምፕ የተወዳደሩበት የፕሬዚዳንት ምርጫ አንድ ወር ሲቀረው፣ አደባባይ ወጥቷል። ማን ተናገረ፣ ማይክሮፎኑ የማን ነበር፣ ቀኑ መቼ ነው የሚሉትን ጥያቄዎች ከዓመታት በኋላ የሚመልሰው በቀረጻው ዕለት የተጻፈ መለያ ነው፤ ስለዚህ ከቀረጻ ስትመለሱ፣ ወደ ቤታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቀኑንና ቦታውን፣ የተናገሩትንም ሰዎች ስም ሁሉ ጻፉበት።