ከቱሉ ዲምቱ እየተመላለሱ ከባዱን ሴሚስተር ማጥናት

የጤና መኮንንነት ትምህርት አራት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ ተማሪ የሚፈራው ፓቶሎጂ (በሽታ አካል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥናት)፣ ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ጥናት) እና የአካል ምርመራ ተደራርበው የሚመጡበትን ሴሚስተር ነው። ይህ ሴሚስተር ደጃችሁ ከደረሰና እንደ እኔ ከቤተሰብ ጋር አዲስ አበባ ዳር ባለው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እየኖራችሁ መሀል ከተማ የምትማሩ ከሆነ፣ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ግቢ ውስጥ ለሚያድሩት ሌላ ሰው ይጻፍላቸው።

መጀመሪያ ለየኮርሱ የተለየ ደብተር መያዝ ተዉ። መምህራኑ በየተራ ይገባሉ፤ በሽተኛው ግን ሁሉንም ኮርስ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። አንድ ወፍራም ደብተር ግዙና ለእያንዳንዱ በሽታ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ገጾች ስጡ።

የእኔ የቲቢ ገጽ ይህን ይመስላል። በግራው ገጽ ከላይ በሽተኛው የሚናገረው ይሰፍራል፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ። ከሥሩ ፓቶሎጂው፦ መሀሉ አይብ የመሰለ ግራኑሎማ (የመከላከያ ሕዋሳት ተሰባስበው የሚሠሩት ትንሽ እብጠት)። በስተቀኝ ሕክምናው፦ ሁለት ወር አራቱም መድኃኒቶች፣ ከዚያ አራት ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ብቻ። ከየመድኃኒቱ ትይዩ የጎንዮሽ ጉዳቱ ይጻፋል። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ በሽተኛው ደም መስሎት እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይነገረዋል። አይሶናያዚድ እጅና እግርን ሊያደነዝዝ ስለሚችል ቫይታሚን ቢ6 ይጨመርበታል። ፒራዚናማይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል። ኢታምቡቶል ዓይን ስለሚነካ ቀይና አረንጓዴን መለየት ሊያስቸግር ይችላል። ይህ ሁሉ በሦስት ደብተር ቢበተን ለፈተና ዋዜማ ማን ይሰበስበዋል?

የደም ግፊት መድኃኒቶችን በስማቸው መጨረሻ መድቡ። በ«ፕሪል» የሚያልቁት ደረቅ ሳል ያመጣሉ፤ በ«ዲፒን» የሚያልቁት ቁርጭምጭሚት ያሳብጣሉ፤ «ሎል» የሚሉት የልብ ምትን ይቀንሳሉ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ታክሲ ውስጥ አታንብቡ፤ አቃቂ ሳትደርሱ ያቅለሸልሻችኋል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የደብተሩን የቀኝ ገጽ በእጃችሁ ሸፍኑና ግራውን ብቻ እያያችሁ ሕክምናውን ለራሳችሁ መልሱ። ታክሲው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ያላስታወሳችሁትን በልባችሁ አብሰልስሉ። ማታ ስትመለሱ ግን ተኙ፤ ቃሊቲ ላይ የሚቆመው የመኪና ሰልፍ ለእንቅልፍ የተሠራ ነው። ስላይዶቹን ኮሌጅ ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ሰፈራችን ውስጥ መብራትና ኔትወርክ ተያይዘው ነው የሚጠፉት።

የአካል ምርመራን ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ሆድ ስትመረምሩ በጆሮ ማዳመጥ በእጅ ከመዳሰስ ይቀድማል፤ መነካካቱ የአንጀትን ድምፅ ይለውጠዋልና። ደም ግፊት መለካት ግን እንደኛ ባለ ሰፈር ፈተና አለው፤ ጎረቤቶች ክንዳቸውን የሚዘረጉት ሦስተኛውን ስኒ ካስቀመጡ በኋላ ነው። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ ጀርባቸውን ወንበር ላይ አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያጣምሩ፣ ክንዳቸውን በልባቸው ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው አምስት ደቂቃ ዝም ይበሉ። እናቴ ዝም ማለቱን አትችልበትም፤ ስለዚህ የእርሷን ልኬት አላምነውም። ቁጥሩ ከፍ ካለ መድኃኒት አትዘዙ፤ ጤና ጣቢያ ላኩ። ገና ተማሪዎች ናችሁ።

ቅዳሜ ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ በሽተኛ ይሁን፣ አንዱ ይጠይቅ፣ ሦስተኛው ደብተሩን ይዞ የተዘለለውን ጥያቄ ይመዝግብ። ከሦስት በላይ ከሆናችሁ ጨዋታ ይሆናል።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደብተሩን አስቀምጡት፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። ከታች ያሉት ተማሪዎች አውሱን ቢሏችሁ ፎቶ ኮፒ ያስነሱ እንጂ ዋናው ከቤት አይውጣ።