ክሮተን ቀለሙ እንዳይጠፋ

ክሮተን በቅጠሉ ቀለማት የሚወደድ የጌጥ ተክል ነው። የክሮተናችሁ ቅጠል አረንጓዴ ብቻ እየሆነ ካስቸገራችሁ፣ ማዳበሪያ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት የቆመበትን ቦታ እዩ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ብርሃን ነው። ቀዩም ቢጫውም ብርቱካናማውም የሚደምቀው በቂ ብርሃን ሲያገኝ ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ ብሩህ መስኮት አጠገብ አድርጉት። ግቢ ውስጥ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ይስማማዋል። ግን ከጥላ አውጥታችሁ በአንዴ ጠራራ ላይ አታቁሙት፤ ቅጠሉ ይቃጠላል። ቀስ በቀስ አለማምዱት። አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ቢወጣም አትደንግጡ። በብዙዎቹ ዝርያዎች ቀለሙ የሚጎላው ቅጠሉ እየቆየ ሲሄድ ነው።

ክሮተን ቦታ መቀያየር አይወድም። አዲስ ቤት ሲገባ ቅጠሉን ቢያረግፍ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት፣ እባካችሁ! ግንዱን በጥፍር ጫር አድርጉት። ከውስጥ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ታገሱት። እስኪያገግም ውሃ አታብዙበት፤ ቅጠል የሌለው ተክል ብዙ አይጠጣም።

በሌላው ጊዜ የአፈሩ የላይኛው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ አጠጡት። መትከያው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ብርድ ጠላቱ ነው፤ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚወርድ ከሆነ ወደ ቤት አስገቡት። ቅጠሉን ከላይም ከሥርም በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። አቧራው ይለቃል፣ ደረቅ አየር ላይ የሚበዙት ጥቃቅን ተባዮችም ይቀንሳሉ።

ስትገርዙት ጓንት አድርጉ። ከተቆረጠው ቦታ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ያስቆጣል፣ ልብስም ያበላሻል። ቅጠሉ ሲበላ መርዛማ ስለሆነ ሕፃናትና የቤት እንስሳት የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።