በቤትዎ የድሮ ዘመን የኮክቴል ግብዣ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውን የድሮ ዘመን የኮክቴል ግብዣዬን ሳስብ ትዝ የሚለኝ የእንግዶቼ ሳቅ ሳይሆን፣ ሳቁ ከሳሎን ሲሰማ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሎሚ ስጨምቅ የነበረው ነው። አሥራ አራት ሰው ጠርቼ፣ ዘጠኝ ዓይነት መጠጥ የተጻፈበት ዝርዝር በሚያምር ክፈፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ነበር። ሁሉም የየራሱን አዘዘ። በረዶው ከአንድ ሰዓት በኋላ አለቀ። ከመጋረጃው እስከ መብራቱ ከ1920ዎቹ ጋር ለማዛመድ ሳምንት ሙሉ ስለፋ ሰንብቼ፣ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ብርጭቆ እንኳ ተቀምጬ ሳልጠጣ ሌሊቱ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አዘጋጅቻለሁ፤ ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራኋቸው እኔው ነኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመን ሳይመርጡ «ድሮ» ብሎ መጥራት

«የድሮ ዘመን ግብዣ ነው» ብለው ብቻ ከጠሩ፣ አንዷ የ1920ዎቹን ዶቃ የበዛበት ቀሚስ፣ ሌላው የ1970ዎቹን ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሶ ይመጣል። ይህስ ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም። የሚያስተዛዝበው መጠጡ ነው። ኤስፕሬሶ ማርቲኒ ለጆሮ የጥንት ይመስላል፤ የተፈጠረው ግን በ1980ዎቹ ለንደን ውስጥ ነው። ማይ ታይ ከ1944፣ ሞስኮ ሚዩል ደግሞ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኋላ አይሻገሩም። ለ1920ዎቹ ምሽት ሳይድካር፣ ዳይኪሪ ወይም ፍሬንች 75 ይበቃል። ማንሃታንና ኦልድ ፋሽንድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ስለሆኑ የትም ቢያስገቧቸው አያሳፍሩም።

በነገራችን ላይ፣ በ1806 አንድ የኒውዮርክ ግዛት ጋዜጣ «ኮክቴል ምንድን ነው?» ብሎ ለጠየቀ አንባቢ የሰጠው መልስ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና ቢተርስ (በጠብታ የሚጨመር መራራ የዕፅዋት ቅመም) የተደባለቀበት መጠጥ ነው የሚል ነበር። ክፍለ ዘመኑ ሊገባደድ ሲል የባር ሠራተኞች በዚህ ላይ ልዩ ልዩ ነገር መጨመር ሲያበዙ፣ አንዳንድ ደንበኞች «ኧረ እንደ ድሮው አድርገህ ሥራልኝ» ማለት ያዙ፤ ኦልድ ፋሽንድ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እኛ ዛሬ የምንናፍቀው መጠጥ ያኔውኑ የናፍቆት መጠጥ ነበር።

ድብቅ ባር ካልሆነ አይሆንም ማለት

በአሜሪካ መጠጥ መሸጥ የተከለከለው ከጥር 17 ቀን 1920 እስከ ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ነው፤ «የ1920ዎቹ ግብዣ» ሲባል ሁሉም ወደ ድብቅ ባርና ወደ የይለፍ ቃል የሚሮጠውም ለዚሁ ነው። የይለፍ ቃሉ ለአንድ ደቂቃ ያስቃል። ቃሉን ረስቶ ደጅ የቆመውን እንግዳ ማንገላታት ግን ቀልድ አይደለም።

መጠጡን በተመለከተም ድብቅ መጠጥ ቤቶቹ ጥሩ አርአያ አይደሉም። በድብቅ የሚሠራው ጂን ጉሮሮ የሚፍቅ ነበር፤ ማርና ሎሚ የሚገባበት ቢስ ኒስ የተወደደውም ያን ጣዕም ስለሚሸፍን ነው ይባላል። ሙያውን የሚያውቁት የአሜሪካ ባር ሠራተኞች ብዙዎቹ ወደ ለንደን፣ ወደ ፓሪስና ወደ ሃቫና ተሰደው ነበር። ስለዚህ ሳሎንዎን የለንደን ሆቴል ባር ቢያስመስሉት ለዘመኑ የራቀ አይሆንም፤ እንዲያውም እኔ እመርጠዋለሁ፤ ሰው ጨለማ ውስጥ እየተደናበረ አያመሽም።

ዝርዝሩን ማብዛት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጋባዡን ከግብዣው አውጥቶ የባር ሠራተኛ የሚያደርገው እሱ ነው። አሁን ሦስት መጠጥ ብቻ አቀርባለሁ፦ አንድ በሼከር (ክዳን ባለው መምቻ ዕቃ) የሚመታ፣ አንድ አስቀድሞ ተቀላቅሎ የሚቀመጥ፣ አንድ ደግሞ አልኮል የሌለው። ሦስተኛው እንደ ሌሎቹ በረጅም እግር ብርጭቆ፣ ከላዩ የሎሚ ልጣጭ ተደርጎበት ይቀርባል። የማይጠጣ ሰው የለስላሳ ጠርሙስ ተሰጥቶት ጥግ ሲቀመጥ ከማየት የሚከፋ ነገር የለም።

አስቀድሞ የሚቀላቀለው ማንሃታን ቢሆን ይቀላል። ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 30 ሚሊ ሊትር ቀይ ጣፋጭ ቨርሙዝ (በዕፅዋት የተቀመመ ወይን)ና ሁለት ጠብታ ቢተርስ ነው። ለአሥር ሰው 600 ሚሊ ሊትር ውስኪና 300 ሚሊ ሊትር ቨርሙዝ ቀላቅለው፣ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ጨምረው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ውሃው ለምን? በበረዶ ሲማሰል ሊቀልጥበት የነበረውን ውሃ የሚተካው እሱ ነው፤ ካልገባበት መጠጡ ያቃጥላል። ቢተርሱን ግን በአሥር አያባዙት፤ ከግማሹ ጀምረው እየቀመሱ ይጨምሩ። ሎሚ የሚገባበትን መጠጥ ደግሞ ከቀኑ አስቀድመው አይቀላቅሉ። የተጨመቀ ሎሚ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱን ያጣል።

ስንት ጠርሙስ ይበቃል ለሚሉ፦ አንድ እንግዳ በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት፣ ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ አንድ ይጠጣል ብለው ያስሉ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ለአንድ ሰው 60 እየተለካ 12 ብርጭቆ ይወጣዋል። እንደኔ ልምድ ይህ ስሌት ጥቂት ያስተርፋል እንጂ አያሳጥርም።

በረዶን መናቅ

በረዶ ማቀዝቀዣ ብቻ ይመስለን ነበር። በእርግጥ ግን ከመጠጡ ክፍሎች አንዱ ነው፤ የ1806ቱ ጋዜጣ ውሃን ከአልኮሉ እኩል የጠራው ያለ ነገር አይደለም። ለአንድ ሰው ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ያዘጋጁ፤ ብዙ ይመስላል፣ ግን የሚመታበትም፣ ብርጭቆ የሚቀዘቅዝበትም፣ ጠርሙስ የሚነከርበትም እሱው ነው። ፍሪዘር ውስጥ ከሽንኩርትና ከሥጋ ጋር ሳምንት የከረመ በረዶ ያን ሽታ ይዞ እንደሚመጣ አይርሱ። አንድ ጊዜ ሳላስበው የሽንኩርት ዳይኪሪ አቅርቤያለሁ።

ሎሚ፣ ክሬም ወይም እንቁላል ያለበት መጠጥ ይመታል፤ አልኮል በአልኮል የሆነው በማንኪያ ይማሰላል። የሚመታው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ የሼከሩ ውጭ ጉም እስኪለብስ፤ የሚማሰለው ደግሞ እስከ 30 ሰከንድ። «እንዳይቀጥን» ብለው ቶሎ የሚያወጡ ሰዎች ለብ ያለና የሚያቃጥል ነገር ይሰጡኛል፤ እኔም በጨዋነት እጠጣለሁ። የእንቁላል ነጭ የሚገባበት ከሆነ በሙቀት የታከመውን ይጠቀሙ፤ ጥሬውን ሳይናገሩ ለማንም አያቅርቡ።

ቨርሙዝን መደርደሪያ ላይ መርሳት

ቨርሙዝ ወይን ነው። የአልኮሉ መጠን ከ15 እስከ 18 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከተከፈተ በኋላ እንደ ውስኪ አይቆይም። ፍሪጅ ያስገቡት፤ በአንድ ወር፣ ቢበዛ በሁለት ወር ይጨርሱት። «ማርቲኒ አልወድም» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ የቀመሱት ዓመት የከረመ ቨርሙዝ ይመስለኛል።

ከአሮጌ ዕቃ ጋር ያለ ጥንቃቄ መጫወት

የድሮ ብርጭቆ ያምራል። የድሮዎቹ ሰፊ አፍ ያላቸው ብርጭቆዎች ትንንሾች ነበሩ፤ ያኔ ኮክቴል ሳይሞቅ በጥቂት ጉንጭ የሚያልቅ ነበር። የዘመናችን ግዙፍ የማርቲኒ ብርጭቆ ግማሹ ባዶ ሆኖ ያሳፍራል፣ ከሞላ ደግሞ እንግዳዎን ያሰክራል። ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ይፈልጉ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከአያት የተወረሰው የክሪስታል ማስቀመጫ ነው። የድሮ ክሪስታል ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው ብረት አለበት፤ የእርሳስ ክሪስታል የሚባለው ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ይይዛል። ውስኪ ወይም ብራንዲ እዚያ ውስጥ ሳምንታት ሲቀመጥ እርሳሱ ወደ መጠጡ ይገባል። ለአንድ ምሽት ማቅረቢያ ያድርጉት፤ የተረፈውን ግን እንግዳው እንደወጣ ወደ ጠርሙሱ ይመልሱ። ሎሚ ያለበትን መጠጥም ውስጡ ባልተለበጠ የመዳብ ኩባያ አይቅዱ፤ አሲዱ መዳቡን ያሟሟል። ገመዱ በጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ መብራት ከሆነም ባለሙያ ሳያየው አይሰኩት።

አብሳንትን ማቃጠል

ስኳር በአብሳንት (በዕፅዋት በተቀመመ አረንጓዴ ጠንካራ መጠጥ) ነክሮ እሳት መለኮስ የጥንት ሥርዓት መስሎት የሚያደርግ አለ። አይደለም፤ በ1990ዎቹ የተስፋፋ ትርኢት ነው። የድሮዎቹ ስኳሩን ቀዳዳ ባለው ማንኪያ ላይ አስቀምጠው ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጉበት ነበር። አንድ እጅ አብሳንት ለሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ። አረንጓዴው ቀስ እያለ ወተት ሲመስል ማየት ከእሳቱ ይበልጣል፤ የማንም ላባ ወይም ዘርፍም አይቃጠልም።

አለባበስን ግዴታ ማድረግ

የተከራየ ልብስ የለበሰ ሰው ምሽቱን ሙሉ ሲያስተካክል ያመሻል። ክራቫት፣ የአንገት ዶቃ ወይም የደረት መርፌ ይበቃል ብለው በመጥሪያው ላይ ይጻፉ። ከላይ እስከ ታች ዘርፍ የሆነው ቀሚስም የ1920ዎቹ የዘወትር ልብስ ሳይሆን በኋላ የመጣ ምስል ነው፤ የዚያን ዘመን መለያ ወገቡ ወደ ዳሌ የወረደው ቀጥ ያለ አቆራረጥ ነው።

በሸክላ ማጫወቻ መታሰር

በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው የድሮ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ማለትም አንድ ሰው ከማጫወቻው አጠገብ ተተክሎ ያመሻል፤ ብዙ ጊዜ ያ ሰው ጋባዡ ነው። ለመግቢያው ሁለት ሸክላ ያጫውቱ፣ ከዚያ የተዘጋጀ ዝርዝር ከስልክዎ ይልቀቁና ድምፁን ከወሬው በታች ያድርጉት። ከ1948 በኋላ የመጡትን ረጃጅም ሸክላዎች ግን በብረት መርፌ በሚሠራ አሮጌ ግራሞፎን ላይ አያስቀምጡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጫወቱት።

መጨረሻውን አለመናገር

በ1917 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ አንዲት እመቤት 50 ሰው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ጠርታ ለአንድ ሰዓት ብቻ ኮክቴል አቅርባ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የኮክቴል ግብዣ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ከዚያም በኋላ የኮክቴል ግብዣ ከምግብ በፊት የሚደረግ አጭር ነገር ሆኖ ቆየ። እኛ ግን እስከ ንጋት እንጎትተዋለን፣ ያውም በባዶ ሆድ። መጥሪያው ላይ መጀመሪያውንም ማብቂያውንም ይጻፉ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ምግቡ በአንድ እጅ የሚጎረስ ይሁን፤ ሌላኛው እጅ ብርጭቆ ይዟል። ከመጀመሪያው ብርጭቆ ጋር አብሮ ይቅረብ እንጂ በኋላ አይምጣ።

እኔ ማብቂያው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሼከሩን አጥቤ አስቀምጥና ውሃና ቡና አወጣለሁ። ያን ጊዜ ማን መኪና ይዞ እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ እጠይቃለሁ። ቁልፍ የምቀማው ሰው ካለ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ አስቀድሜ አስቀምጣለሁ።