ለፖርት 80 ብላችሁ ሰርቨሩን በሩት አታስነሱት

ሊኑክስ ላይ ከ1024 በታች ያለ ፖርት (ለምሳሌ ድረ ገጽ የሚቀርብበትን 80) ለመያዝ የሩት፣ ማለትም ሁሉን የሚችለው ዋና ተጠቃሚ፣ ሙሉ ሥልጣን አያስፈልግም። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ያንን ሥልጣን ኬፓቢሊቲ በሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍሎታል፤ ለዚህ ሥራ «ካፕ_ኔት_ባይንድ_ሰርቪስ» ብቻውን ይበቃል። በ«ሴትካፕ» ትእዛዝ ለፕሮግራሙ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ በ«ጌትካፕ» መኖሩን ታረጋግጣላችሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከአፕዴት በኋላ ነው። ፈቃዱ የተጻፈው ፋይሉ ላይ ስለሆነ ፋይሉ በአዲስ ሲተካ አብሮ ይጠፋል፤ ሰርቨሩም «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ ይቆማል። በ«ኖሱይድ» (ፋይል ላይ የተጻፈ ልዩ ሥልጣን እንዳይሠራ የሚያደርግ አማራጭ) ማውንት የተደረገ ዲስክ ላይ ደግሞ ከርነሉ ፈቃዱን ጭራሽ አይቆጥረውም።

የፓይተን ስክሪፕት ከሆነ ስክሪፕቱ ላይ መስጠት ምንም አይሠራም። ፓይተኑ ራሱ ላይ ከሰጣችሁት ደግሞ ማንኛውም ተጠቃሚ የሚያስነሳው የፓይተን ስክሪፕት ሁሉ ያገኘዋል፤ ይህን በፍጹም አታድርጉ።

ስለዚህ ለሰርቪስ (ከጀርባ ለሚሠራ ፕሮግራም) ሰርቪሶችን የሚያስነሳውንና የሚቆጣጠረውን ሲስተምዲን እመርጣለሁ። በዩኒት ፋይሉ (የሰርቪሱ ማዋቀሪያ ፋይል) የሰርቪስ ክፍል ውስጥ «ዩዘር» ላይ ተራ ተጠቃሚ፣ «አምቢየንት ኬፓቢሊቲስ» እና «ኬፓቢሊቲ ባውንዲንግ ሴት» ላይ ያንኑ «ካፕ_ኔት_ባይንድ_ሰርቪስ» ብቻ ጻፉ። ከዚያ ሲስተምዲ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ «ዴመን ሪሎድ»፣ ቀጥሎ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጉ። ከርነል 4.3 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የፕሮግራሙ ፋይል ቢቀየርም ፈቃዱ አይነካም።

ካልሠራ «ካፕ_ሲስ_አድሚን» ጨምሩ የሚላችሁን አትስሙ፤ እሱን መስጠት ሩትን ከመስጠት ብዙም አይለይም።