ለፎቶ ሲወጡ ከቦርሳዎ የሚጀምሩ ስህተቶች፦ ከፒያሳ እስከ ጃንሜዳ

ያለውን ዕቃ ሁሉ ተሸክሞ መውጣት። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ይዞ ወደ ለገሃር መውረድ ቀላል ነው፤ መመለሻው ግን ዳገት ነው፣ ከተማዋም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሩቁን የሚያቀርበው ባለ 2.8ቱ 70–200 ሚሜ ሌንስ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ትከሻ ሲዝል ሰው ካሜራውን ማንሳት ይሰለቸዋል፤ «ይቅር፣ ሌላ ጊዜ» የሚባለውም ያኔ ነው። ለመንገድ ፎቶ አንድ ካሜራና 35 ወይም 50 ሚሜ ሌንስ ይበቃል። ቦርሳው ካነሰ የበዓል ቀን ፍተሻውንም ቶሎ ያልፋሉ። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ወደ ደረትዎ አዙረው ይያዙት።

«ጥር ላይ ዝናብ የለም» ብሎ የካሜራ መሸፈኛን ቤት መተው። ዝናቡ ባይኖርም ውሃው አለ። ጥር 11 ጠዋት ጃንሜዳ ላይ ጠበሉ ከተባረከ በኋላ በጎማ ሳይቀር ሕዝቡ ላይ ይረጫል። ፎቶው ያለው ደግሞ እዚያው ውሃው የሚደርስበት ቦታ ነው። መሸፈኛ ከሌለዎት ዳር ቆመው ያዩታል። ውድ ነገር መግዛት የለብዎትም። ወፍራም ግልጽ ላስቲክ ይፈልጉ፣ ለሌንሱ ማውጫ ይቅደዱለት፣ ሌንሱ ጫፍ ላይ በጸጉር ማስያዣ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። እጅዎን በታች በኩል ያስገባሉ። ክረምት ላይም ያው ላስቲክ ያገለግላል። ሌንሱ ላይ ጠብታ ካረፈ በሸሚዝ እጅጌ ወይም በነጠላ ጫፍ አይጥረጉት፤ አቧራው ይቧጭረዋል። መጀመሪያ አቧራውን በአየር መንፊያ ያራግፉ፣ ከዚያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ቀስ አድርገው ይጥረጉ።

ደመራ አጠገብ ሌንስ መቀየር። መስከረም 16 መስቀል አደባባይ ላይ እሳቱ ሲነሳ አመዱ አብሮ ይበተናል። ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ) ላይ ያረፈች ብናኝ በየፎቶው ሰማይ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትመጣለች። ስለዚህ ችቦው ሳይለኮስ ሰፊውንም ቀረብ ያለውንም የሚያነሳ 24–70 ሚሜ ሌንስ ገጥመው ይጠብቁ። መቀየር ግድ ከሆነ ካሜራውን ያጥፉ፣ ለነፋሱ ጀርባ ይስጡ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ይድፉ።

ባትሪ ቻርጅ ማድረግን ለዋዜማው ማታ ማሳደር። መብራት ከሄደ አለቀ። ሁለት ቀን ቀደም ብለው ይጨርሱ። ትርፉን ባትሪ ውስጥ ኪስዎ ይያዙት፤ የጥዋት ብርድ ባትሪ ያደክማል።

አንድ ትልቅ ካርድ ማመን። ከአንድ 128 ጊጋ ሁለት 64 ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ግማሹ ይተርፋል። ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ሳይገለብጡ ፎርማት አያድርጉ፤ ፎርማቱንም ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ላይ ያድርጉት።

ትራይፖድ ያለ ፈቃድ መዘርጋት። መሃል ከተማ ትራይፖድ የቆመ እንደሆነ ጥበቃ መጥቶ መጠየቁ አይቀርም፤ ብርሃኑም እስከዚያ ያልፋል። ለምሽት ፎቶ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርገው ግድግዳ ወይም ምሰሶ ይደገፉ። የግድ ካስፈለገዎት ግን ፈቃዱን አስቀድመው ይጨርሱና ወረቀቱን ከካሜራው ጋር ይያዙ።